የተማሪ እንጀራ

በዋግ ደጋ ለትምህርት ከቤቱ የወጣ ልጅ ከዳዊቱ በፊት ደጅ መቆምን ይለምዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ ከሰው ደጃፍ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። የቤቱ እመቤት ካላት ከገብሱ ቂጣ ትቆርስለታለች፤ ከሌላት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትሸኘዋለች። የለመነውን ይዞ ወደ ጎጆው ሲመለስ ለስላሳው ለዚያው ማታ ይሆናል። የቀረው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆንና ዝናብ መውጫ በሚያሳጣበት ቀን በውኃ እየራሰ ይበላል። የሚያስተምሩት የኔታም ከተማሪ ገንዘብ አይቀበሉም። ተማሪው እንጨት ይለቅምላቸዋል፣ ውኃ ይቀዳላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከሌሊቱ ጀምረው ሲያስቀጽሉ ይውላሉ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ለጋሹ ማን እንደሆነ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። አንድ ባለጸጋ ብድግ ብሎ «ይህን ያህል ሰጠሁ» የሚልበት አይደለም። የቂጣ ቁራሹን የምትሰጠው ሴት ፊደል ያልቆጠረች ናት፤ በእርሷ ቁራሽ ግን ቅኔ ተዘርፏል፣ ድጓ ተመስክሯል። በዋግ ኽምራ ደግሞ የብዙው ልጅ የአፍ መፍቻ ኽምጣና ነው። እንግዲህ ያ ልጅ ግዕዙን ሲያነብ፣ ትርጓሜውንም በአማርኛ ሲሰማ፣ ሁለት የሌላ ሰው ቋንቋ በባዶ ሆዱ ተሸክሟል ማለት ነው።

በሰፈሩ ንባቡን ሲጨርስ መንገዱ ይረዝማል። ድጓ የሚያስመሰክር ተከዜን ተሻግሮ ጋይንት፣ ቤተልሔም መድረስ አለበት። ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ዙር አምባ ይወጣል። ቅኔ ያማረው እስከ ጎጃም፣ እስከ ዋሸራና ጎንጅ ይዘልቃል። እነዚህን ቦታዎች በትምህርት ክብራቸው እናውቃቸዋለን። በየመንገዱ ተማሪ ያሳደሩትን፣ በየመንደሩ የመገቡትን ግን ማንም አልመዘገባቸውም፤ ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

ጎንደር ውስጥ እንዲህ ያሉትን ልጆች ልብ ብለው ያዩ አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። በ1950ዎቹ ወደ ጎንደር የወጡት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሊያጠኑ ነበር። ወደ ትምህርታቸው ሲመላለሱ የዜማ ተማሪዎቹን በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ሜዳ ላይ ተኝተው ያያሉ። ቀን ምግባቸውን ለምነው፣ ሌሊት እዚያው ተጠቅልለው ያድራሉ። እማሆይ የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ፒያኖ መጫወትና ዜማ መድረስ ነው። እሱኑ ለመስጠት ወሰኑ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውም ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ።

ይህ ውሳኔ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ቤታቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ምድር ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው በሚስዮናውያን እጅ ገብተው፣ በባዕድ እንጀራ አድገው፣ ኢየሩሳሌምና ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ ሰው ነበሩ። በኋላም የጎንደር ከንቲባ ሆኑ። ሰው ያስተማራቸው ሰው የራሳቸውንም ልጆች አስተማሩ፤ በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ብክነት ይቆጠር ነበርና ሁለቱን ሴቶች ልጆቻቸውን ስዊዘርላንድ መላካቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ታናሺቱ የውብዳር፣ በኋላ እማሆይ የሆኑት፣ ሲሄዱ ገና የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ።

ታላቂቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ናቸው። ጣሊያን ሲወር ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላም ቤተሰቡ ተግዞ አዚናራ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ተወሰደ። ከነፃነት በኋላ ስንዱ የያዙት ሥራ ማስተማር ነው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ፤ ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ የሚሠሩትን ተውኔት ራሳቸው ይጽፉላቸው ነበር። ዳይሬክተር ቢሮ ተቀምጣ ደብዳቤ መፈረም ትችላለች። ማታ ማታ ለተማሪዎቿ ተውኔት የምትጽፍ ግን ጊዜዋን የምትሰጥ ሴት ናት፤ ጊዜ ደግሞ ከገንዘብ በላይ የሚከብድ ስጦታ ነው ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ የገቡት እኚሁ መምህርት ናቸው።

የእማሆይ መንገድ ሌላ ሆነ። ካይሮ ሙዚቃ ተምረው ከተመለሱ በኋላ ለንደን ሄደው የመማር ዕድል አግኝተው ነበር፤ ተከለከሉ። ሐዘኑ ታላቅ ሕመም ላይ ጣላቸው። ከዚያ ሲነሡ ዓለምን ትተው ከዋግ በስተደቡብ፣ አምባሰል ውስጥ ወዳለችው ግሸን ማርያም ወጡ። በዚያ ቀዝቃዛ አምባ ላይ 10 ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። የጎንደሮቹን ተማሪዎች ሲያዩ እንግዲህ ያዩት ከሩቅ አይደለም፤ መሬት ላይ መተኛት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢየሩሳሌም ገብተው በኢትዮጵያ ገዳም መኖር ጀመሩ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እስኪያርፉም መኖሪያቸው እዚያው ነበር። በስማቸው የተቋቋመው ፋውንዴሽን ሥራው ልጆችን ሙዚቃ ማስተማር ነው።

ከዚህ ጋር የሌላውን ዘመናዊ ትምህርት ስጦታ ማሰብ ግድ ይላል። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ትልቅ ስጦታ ነው፤ እስከ ዛሬም ስድስት ኪሎ ላይ ትውልድ እየተማረበት ነው። ነገር ግን ከዋግ ከተማ ከሰቆጣ እስከ ስድስት ኪሎ ያለውን መንገድ ስንት የዋግ ልጅ ጨረሰው? የአምደወርቁ ማሞ ውድነህ በጣሊያን ወረራ ወላጆቻቸውን አጥተው ሳለ በኋላ በአገሪቱ እጅግ የተነበቡ ደራሲ ለመሆን በቁ። እንዲህ ያለው ግን ከብዙ አንድ ነው።

የሚቀረው ደግሞ በረሃብ ይቀራል። በ1957 እና በ1958 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ዋግና ላስታም ተርበው ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የዚያን ጊዜውን የመንግሥት መልስ በጥናት መጽሐፋቸው መዝግበውታል። ከወረ ኢሉ የወጣው የረሃብ ሪፖርት አገር ግዛት ሚኒስቴር ከደረሰ በኋላ ከንጉሡ ጆሮ እስኪገባ 302 ቀን ፈጀበት። ከዚያም የወሎ ሹማምንት የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር እንዲልኩ ተጠየቁ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደጅ ላይ የቆመው ተማሪ ይታየኛል። ቤቱ ውስጥ ምንም በሌለበት ዓመት እመቤቲቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ስትል ከልቧ ነው፤ የሚሰጥ ግን በአካባቢው አልነበረም። አስተማሪና ተማሪን አብሮ ያኖረ ሥርዓት በ302 ቀን ውስጥ ይፈርሳል።

በ1965 ዓ.ም. ያው ረሃብ ሲመለስ ነገሩ በዩኒቨርሲቲው በር ገባ። መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው የተራበውን ሰው ፎቶግራፍ አንስተው ግቢው ውስጥ አሳዩ። ተማሪዎቹም ከምግባቸው ቀንሰው ወደ ወሎ እንዲላክ አዋጡ። በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የታየው ከዚያ ከወራት በኋላ፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። ለዘመናት የገበሬ ቤት ተማሪን መገበ፤ አሁን ተማሪ የገበሬን ቤት ሊመግብ ተነሣ። ስለዚያ ዘመን ተማሪዎች ብዙ ተጽፏል፤ ሰልፉ፣ መፈክሩ፣ የተከተለው ደም ሁሉ። ይህች የምግብ መዋጮ ግን በሁለት መስመር እየታለፈች ነው፤ ከዚያ የበለጠ ይገባታል።

ከአብዮቱ በኋላ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬትም ተወሰደ። መሬቱ ለገበሬው መድረሱ ትክክል ነበር። የአብነት መምህራኑ ግን በዚያ መሬት ይተዳደሩ ነበርና፣ ጉባኤያቸው ከመንደሩ ቁራሽ ሌላ መደገፊያ አልቀረውም።

ዛሬ ዋግ ውስጥ ልጁ በኽምጣና ይማራል፤ ሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። ከቆላው፣ ከአበርገሌና ከዝቋላ የሚመጣው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከተማ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ስንቁን ከቤት ያመጣል፤ ዱቄትና ሽሮ፣ ጥቂት በርበሬ። ስንቁ ሲያልቅ በእግሩ ወደ ቤቱ ይወርዳል፤ ዝናብ ያጠረ ዓመት ከሆነ ሳይመለስ ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ሲወስን ለቃል ኪዳኑ የሰጠው የሰቆጣ ከተማን ስም ነው፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጥቶ የዋግን ትምህርት ቤቶች አጎሳቆለ፣ ሕዝቡንም አፈናቀለ።

አዲስ አበባ ያለ የዋግ ተወላጅ፣ ባሕር ማዶ ያለውም፣ ለትምህርት ሊረዳ ሲያስብ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ሕንፃና የስም ሰሌዳ ነው። ሕንፃው አይጠላም። እኔ የምለምነው ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ክፉ ወራት የገበሬው ጎተራ ባዶ መሆኑን እንዲያስብ ነው። ትምህርት ሲከፈት ልጁ ከቤት ይዞት የሚወጣ ስንቅ የለም። የኪራይ ቤቱ የሁለት ወር ዋጋና አንድ ኩንታል ዱቄት መስከረም ላይ ቢደርስ ልጁ እህሉ እስኪታጨድ ክፍል ውስጥ ይቆያል።