የፊት ቅባትና የመርማሪው ሚዛን

የሰው ልጅ መልኩን ለማሳመር የደከመበት ዘመን ረጅም ነው። በአገራችንም እናቶቻችን ጠጕራቸውን በቅቤ፥ እጅና እግራቸውን በእንሶስላ ሲያሳምሩ ኖረዋል። ቅቤውን የናጠች፥ እንሶስላውን የወቀጠች ሴት ምን እንደ ተቀባች ታውቃለች። የመዋቢያው ዕቃ በብልቃጥ ታሽጎ ከሩቅ አገር መምጣት ከጀመረ ወዲህ ግን ገዢው የሚያውቀው በብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ብቻ ሆነ። ታዲያ በውስጡ ያለውን ማን አይቶ ይመስክር? ይህ ጥያቄ፥ በተለይ ቆዳን ለማንጣት በሚሸጡት ቅባቶች ረገድ፥ መልስ ያገኘው የብዙ ሰዎችን ጤና ካስከፈለ በኋላ ነውና ታሪኩን ባጭሩ ማንሣት ይገባል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ፊትን ለማንጣት ከጥንት ጀምሮ የታወቀው ዕቃ ነጭ እርሳስ ነው። የግሪክ ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አሠራሩን ጽፎታል፤ ይኸውም እርሳስ ከኾምጣጤ ጋር ተከድኖ ሲቈይ የሚያወጣውን ነጭ ዝገት እየፋቁ መሰብሰብ ነው። ይህ ዱቄት በግሪክና በሮም፥ ኋላም በአውሮጳ መኳንንት ዘንድ ፊትን ሲያነጣ ኖሮአል። መርዝነቱ ከጥንት ሐኪሞች የተሰወረ አልነበረም። ሆኖም ነጭ እርሳስ በዐይን ሲታይ ከኖራ ወይም ከዚንክ ዱቄት አይለይም፤ የሚለየው በምርመራ ብቻ ነው።

ከዚህ ዓይነቱ ምርመራ አንዱ በኒውዮርክ ከተማ የተደረገው ነው። በ1869 ዓ.ም. ሉዊስ ሴይር የተባለው ሐኪም የሦስት ወጣት ሴቶችን ሕመም ገልጾ ጻፈ። እጆቻቸው ዝለው ከአንጓቸው በታች ተንጠልጥለው ነበር። ሦስቱም «የወጣትነት አበባ» እየተባለ የሚሸጥ የፊት ቅባት ይጠቀሙ እንደ ነበር ታወቀ፤ ሐኪሙም ሕመሙ የእርሳስ መርዝ ያመጣው ሽባነት መሆኑን አስረዳ። በዚያው ጊዜ ገደማ የከተማው የጤና ቦርድ ኬሚስት ቻርልስ ቻንድለር በገበያ የሚሸጡትን የጠጕርና የፊት መዋቢያዎች ሰብስቦ መረመረ፤ ውጤቱንም እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ እየጠራ ለሕዝብ አሳወቀ። ለጠጕር ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ እርሳስ ነበረባቸው። ከፊት ማጠቢያዎቹ ባንዱ የሜርኩሪ ጨው ተገኘ። ፊትን ከሚያለብሱት ነጭ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ከኖራ ወይም ከዚንክ የተሠሩ ሲሆኑ፥ ሌሎቹ ነጭ እርሳስ ሆነው ተገኙ። ነጭ ዱቄቶቹ ግን ከእርሳስ ነጻ ነበሩና ኬሚስቱ ይህንኑ መሰከረላቸው።

በቻንድለር ሥራ ውስጥ ትልቅ ቁም ነገር አለ። ሐሜት ደጉንም ክፉውንም አንድ ላይ ይኰንናል፤ የኬሚስት ሚዛን ግን አንዱን ከሌላው ይለያል። ይሁን እንጂ መርዙን ማሳወቅና መርዙን ከገበያ ማውጣት ለየቅል ናቸው። አሜሪካ በ1906 ስለ ምግብና ስለ መድኃኒት ንጽሕና ያወጣችው ሕግ እንኳ መዋቢያን አልነካም። መዋቢያ በፌዴራሉ ሕግ ውስጥ የገባው በ1938 ነው። ሴይር ስለ ሦስቱ ሴቶች ከጻፈ 69 ዓመት ዐልፎ ነበር።

እርሳስ ፊትን ከላይ ይሸፍናል። ባዜቃ፥ በተለመደው ስሙ ሜርኩሪ፥ የሚሠራው ግን ከቆዳው ውስጥ ገብቶ ነው። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ነገር ሲሆን፥ ሜርኩሪ ሜላኒን የሚሠራበትን ኢንዛይም ያግዳል። ቆዳው በዚህ ምክንያት ይነጣል፤ ሜርኩሪው ግን ወደ ደም ዘልቆ በኩላሊት ይከማቻል። «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ይባላል፤ ይህን ቅባት የተቀባ ሰው ግን ሳያውቀው መርዙን በቆዳው እየጠጣው ነው።

ለዚህ ብርቱ ማስረጃ የተገኘው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። በናይሮቢ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል የነበሩ ሐኪሞች በኔፍሮቲክ ሲንድሮም የታመሙ ሴቶች መብዛታቸውን ተመለከቱ። ይህ የኩላሊት ሕመም ፕሮቲን ከደም ወደ ሽንት እንዲፈስ፥ ሰውነትም እንዲያብጥ ያደርጋል። በአፍሪካ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እንደ ወባ ያለ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ በብዙዎቹ ሴቶች ግን የዚህ ምልክት አልታየም። ሐኪሞቹ በ1972 ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ ከተመረመሩት 60 ሕመምተኞች 32ቱ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ይጠቀሙ ነበር። በልዩ ልዩ ሕመም ወደ ሆስፒታሉ ከገቡት ሌሎች ሰዎች መካከል ግን ቅባቱን የተጠቀሙት ከመቶ 11 ብቻ ነበሩ። በቅባቶቹ ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 10 የሚሆን አሚኖሜርኩሪክ ክሎራይድ ነበረ፤ በሕመምተኞቹም ሽንት ሜርኩሪ ተገኘ። ቅባቱን ከተዉት ውስጥ የዳኑ አሉ።

የቍጥሩን ክብደት በንጽጽር መረዳት ይቻላል። ብዙ አገሮች ከዚያ ወዲህ የተቀበሉት ወሰን በ1 ኪሎ ቅባት 1 ሚሊግራም ሜርኩሪ ነው። ከመቶ 5 አሚኖሜርኩሪክ ክሎራይድ ባለበት 1 ኪሎ ቅባት ግን 40 ግራም ያህል ሜርኩሪ ይገኛል። ይህም የወሰኑ 40 ሺህ እጥፍ ያህል መሆኑ ነው።

ቆዳን ለማንጣት በሰፊው የተሠራበት ሌላው ኬሚካል ሃይድሮኪኖን ነው። በደቡብ አፍሪካ የቆዳ ሐኪሞች በ1975 እንደ ጻፉት፥ ይህን ቅባት አዘውትረው የተጠቀሙ ሴቶች ፊት ሻክሮ ወደ ሰማያዊና ወደ ጥቁር ቀለም ተለወጠ። ሊያነጡት የደከሙለት ፊት በማይለቅ ጥቁረት ተያዘ። የሰው መብት በቆዳው ቀለም በሚለካበት በዚያ አገር ቅባቱ ገዢ ማግኘቱ አያስደንቅም። ሐኪሞችና የአፓርታይድ ተቃዋሚዎች ከብዙ ክርክር በኋላ በ1990 ሃይድሮኪኖን ከመዋቢያ እንዲከለከል፥ በማስታወቂያም «ቆዳ ያነጣል» ማለት እንዲቀር አደረጉ። ነገር ግን በ2016 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት ከገበያ የተገዙትን ቅባቶች ሲመረምር ሃይድሮኪኖንም፥ ሜርኩሪም፥ ቆዳን የሚያሳሱ ብርቱ ስቴሮይዶችም ተገኙ። ሕጉ ቢወጣም ምርመራው ካልቀጠለ ዕቃው በሌላ በር እንደሚገባ ከዚህ እንረዳለን።

የዛሬው መርማሪ ቅባቱን በመጀመሪያ ኤክስሬይ በሚያመነጭ የእጅ መሣሪያ ይፈትነዋል፤ ሜርኩሪ ካለበት የራሱን ልዩ ጨረር ይመልሳልና ወዲያው ይታወቃል። ቀጥሎም ቅባቱ ወደ ላቦራቶሪ ተልኮ መጠኑ በጥንቃቄ ይለካል። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ ሃይድሮኪኖንንና ስቴሮይድን አያሳይም፤ እነዚህን ለመለየት ክሮማቶግራፊ የተባለው ዘዴ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ቅባት «ተመርምሮአል» ሲባል «ምን ተፈልጎበት?» ብሎ መጠየቅ አስተዋይነት ነው።

ነገሩ የተቀባው ሰው ብቻ ጕዳይ አለመሆኑም ተረጋግጦአል። በ2010 በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ፥ ከሜክሲኮ የመጣ የማንጫ ቅባት ያለባቸው ቤቶች ሲመረመሩ፥ ቅባቱን ያልተጠቀሙ ሕፃናት ሳይቀሩ ሜርኩሪ በሽንታቸው ተገኘ። በ2013 በጃፓን የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ከወሰኑ በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከ2020 በኋላ እንዳይሠሩ፥ ወደ አገር እንዳይገቡና ከአገር እንዳይወጡ ደነገገ። አባል መንግሥታቱም በ2023 በጄኔቭ ተሰብስበው ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 እንዲቀር ወሰኑ።

ነቢዩ ኤርምያስ የኢትዮጵያዊን መልክ ለማይለወጥ ነገር ምሳሌ አድርጎ አንሥቶታል። ጠይሙን፥ ቀይ ዳማውን፥ ጥቁሩን በየስሙ እየጠራ የሚያሞግስ ቋንቋም አለን። ይሁን እንጂ መልክን ለመለወጥ መመኘት በምክር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ምኞቱ እስካለ ድረስም ሻጭ አይጠፋም። ስለዚህ በኬላ ያለው ሹም ያልተመረመረውን ዕቃ እንዳያሳልፍ፥ መምህሩም ሜርኩሪ በኩላሊት ላይ የሚያደርሰውን ጕዳት ለተማሪዎቹ እንዲያስረዳ ያስፈልጋል። ኒውዮርክ ሕጉን 69 ዓመት ጠበቀች፤ ናይሮቢም መርዙን ያወቀችው በሕመምተኞቿ ሽንት ነው። እኛ ይህን ሁሉ ተጽፎ ስላገኘነው፥ መርዙን ከሰው አካል ሳይሆን ከብልቃጡ ውስጥ ፈልገን ማግኘት ይገባናል።