አክብሮት የበላው «አንተ»

በ1603 መገባደጃ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ወረርሽኝ ገብቶባት ስለነበር አንድ ትልቅ የአገር ክህደት ክስ የታየው በዊንቸስተር ከተማ ነው። ተከሳሹ ሰር ዋልተር ራሌይ ነበር፤ በንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን አንቱ የተባለ የባሕር ሰው፣ ገጣሚና ባለሟል። ንግሥቲቱ ስትሞት ባለሟልነቱ አብሯት ተቀበረ፤ በአዲሱ ንጉሥ በቀዳማዊ ጄምስ ላይ አሲረሃል ተባለ። ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኮክ የያዘው ማስረጃ ስስ ስለነበር ጉድለቱን በምላሱ ሞላው። እፉኝት አለው፤ ከዳተኛ አለው። በዚህ አልበቃውም፤ «አንተ» አለው። አምልጦት እንዳልሆነም አስረገጠ፤ አውቆ «አንተ» እንዳለው በችሎቱ ፊት ተናገረ።

አማርኛ ተናጋሪ የዚህን ስድብ ክብደት ሳይነገረው ያውቀዋል። የዛሬ እንግሊዛዊ ግን የግርጌ ማስታወሻ ያስፈልገዋል፤ ቋንቋው ያን ስድብ የሚሰድብበትን ቃል ጥሏልና። ንጉሡም ውሻውም፣ አንድ ሰውም መቶ ሰውም «ዩ» ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው በአንድነት መጥራት የፈለገ ሁሉ እንደየአገሩ የራሱን ቃል አበጀ፦ በአሜሪካ ደቡብ «ያል»፣ በአየርላንድና በኒው ዮርክ ሰፈሮች «ዩዝ»፣ በፒትስበርግ «ዪንዝ»፣ በእንግሊዝ «ዩ ሎት»። እነዚህን ቃላት መምህራን ከተማሪ አፍ ሊነቅሉ ብዙ ደክመዋል፤ የመሃይም ቋንቋ ናቸው ተብሏል። እኔ ግን የጥገና ሥራ ናቸው ባይ ነኝ። አፍራሹ ጨዋ ነኝ ባዩ ወገን ሲሆን የጠገነው ደግሞ ባሪያው፣ ስደተኛውና የፋብሪካ ሠራተኛው ነው።

የጥንቱ እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነበር። ለአንድ ሰው «ዙ»፣ ለብዙ ሰው «ዬ» ይል ነበር፤ ለሁለት ሰው ብቻ የሚሆን «ዪት» የሚባል ቃልም ነበረው። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ሲይዙ የመኳንንቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፤ በፈረንሳይኛ ደግሞ ትልቅ ሰው የሚጠራው በብዙ ቁጥር ነው። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ልማዱ ወደ እንግሊዝኛው ተሻገረ። «ዙ» ድምፁ ተለውጦ «ዛው» ሆነና ለልጅ፣ ለሎሌ፣ ለልብ ወዳጅና ለእግዚአብሔር ቀረ። የብዙው ቃል፣ መጀመሪያ «ዬ» ኋላም «ዩ»፣ ለጌታ ተሰጠ።

ብዙ ቁጥርን ለአክብሮት ማዋስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። «መጡ» ስንል እነሱም፣ እሳቸውም፣ እርስዎም መጡ ማለታችን ነው። አማርኛ ያዋሰው ግን ከሦስተኛው መደብ ነው፤ «መጣችሁ» የሚለውን ስላልነካው «እናንተ» ከነሙሉ ሥራዋ ተርፋለች። እንግሊዝኛ ያዋሰው ያንኑ «እናንተ» ነበር፤ ብድሩም ሳይመለስ ቀረ።

ፈረንሳይኛ ሁለቱንም ይዞ እስከ ዛሬ ሲኖር እንግሊዝኛ ለምን አንዱን ጣለ? የብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ጣት ወደ ለንደን ያመለክታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ ሰው ከየገጠሩ የሚጎርፍባት፣ የነጋዴ ልጅ በልብሱ ከባላባት የማይለይባት ሆና ነበር። የማታውቀውን ሰው «ዛው» ብለህ ባላባት ሆኖ ከተገኘ ጠብ ነው፤ «ዩ» ብለህ አናጢ ቢሆን ማንም አይጎዳም። አንቱታ እንዲህ በነጻ ሲታደል «አንተ» መባል ስድብ እየሆነ ሄደ። በሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» ተውኔት ውስጥ ሰር ቶቢ የጠብ ደብዳቤ ለሚጽፍ ጓደኛው፣ ባላጋራህን ሦስት ጊዜ ያህል «ዛው» ብትለው አይከፋም እያለ ይመክረዋል። በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነጠላውንና ብዙውን በጥንቃቄ ሲለይ፣ መንገድ ላይ ያለው ሰው ልዩነቱን መተው ጀምሮ ነበር።

በዚህ መሐል የሸማኔ ልጁ ጆርጅ ፎክስ ተነሣ። በ1640ዎቹ መጨረሻ እየዞረ መስበክ ጀመረ፤ ተከታዮቹም ኩዌከር ተባሉ። ሰው ሁሉ በአምላክ ፊት እኩል ከሆነ፣ ለአንድ ሰው የብዙ ሰው ቃል መስጠት ውሸትም ውዳሴ ከንቱም ነው አሉ። ስለዚህ ዳኛውንም መኮንኑንም «አንተ» ማለት ያዙ፤ ባርኔጣቸውንም ለማንም አላወለቁም፤ ለዚህም ይታሰሩ ነበር። ፎክስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1660 ያሳተመው መጽሐፍ ከላቲንና ከዕብራይስጥ ጀምሮ የብዙ ቋንቋዎችን ሰዋስው እየጠቀሰ ለአንድ ሰው የሚገባው ነጠላው ቃል ነው ብሎ ይሞግታል። ሰዋስው ለእስር ቤት ያበቃ ጉዳይ የሆነበት ዘመን እምብዛም አላውቅም።

ዋጋው በቤት ውስጥም ተከፍሏል። ቶማስ ኤልውድ የኦክስፎርድሺር ዳኛ ልጅ ነበር። ኩዌከር ሆኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ ባርኔጣውን እንዳደረገ አባቱ ፊት ቆመ፤ አባትየው በቡጢ መታው፣ ባርኔጣዎቹንም አንድ በአንድ ቀማው። «አንተ» መባሉም የዚያኑ ያህል ያንገበግበው ነበር፤ ዳግም ብትለኝ ጥርስህን አረግፈዋለሁ ብሎ ዛተበት። ይህን ኤልውድ ራሱ ጽፎታል፤ ግለ ታሪኩ የታተመው ካረፈ በኋላ በ1714 ነው። ይኸው ወጣት በኋላ ለዓይነ ስውሩ ባለቅኔ ለጆን ሚልተን መጻሕፍት ያነብለት ነበር። ኩዌከሮቹ ቃሉን ወደ ፔንሲልቬንያ ይዘውት ተሻገሩ፤ እርስ በርሳቸውም እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ተጠቀሙበት። የቀረው እንግሊዛዊ ግን ተወው፤ ከዮርክሽር ገበሬዎችና መሰሎቻቸው በቀር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የመጠገኛ ሙከራ ተጀምሮ ነበር። ሰዎች «ዩ»ን ለአንድ ሰው ሲሉ ግሡን ነጠላ፣ ለብዙ ሲሉ ብዙ እያደረጉ መናገር ያዙ፤ የተማሩትም ጭምር። ቄሱ ሮበርት ሎውዝ፣ ኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው፣ በ1762 ባወጣው ሰዋስው ይህን እንደ ትልቅ ነውር ቆጠረው። ትምህርት ቤቶች ተከተሉት፤ በመደበኛው ቋንቋ ሙከራው በዚያው ከሰመ።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ለሌሎች ተላለፈ። በካሪቢያን ደሴቶች፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች እንግሊዝኛን ሲይዙ የጎደለውን ከአገራቸው ሞሉት፦ የጃማይካው «ኡኑ» ከኢግቦ ቋንቋ የመጣ «እናንተ» ነው፤ የባርቤዶሱ «ዉና»፣ በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩት የጉላ ሕዝቦች ቃልም የዚያው ዘመዶች ናቸው። አየርላንዶችም እንዲሁ። አይሪሽ ለአንድ ሰው «ቱ»፣ ለብዙ «ሺቭ» ይላል፤ እንግሊዝኛን ሲማሩ ክፍተቱ ስለ ቆረቆራቸው «ዩ» ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት ቀጥለው «ዩዝ» አሉ። በ1845 የጀመረው የድንች ረሃብ ሲበትናቸው ቃሉ ከእነሱ ጋር ሊቨርፑል፣ ግላስጎው፣ ኒው ዮርክና አውስትራሊያ ደረሰ።

«ዪንዝ» ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከሰሜን አየርላንድ ተነሥተው የፔንሲልቬንያን ምዕራብ ያቀኑ የስኮትላንድ ዘሮች ውርስ ነው። ፒትስበርግ ብረት በምታቀልጥበት ዘመን የሠራተኛ ሰፈር ንግግር ስለነበር ወደ ቢሮ ለመግባት የፈለገ ይሸሽገው ነበር። በ1980ዎቹ ፋብሪካዎቹ ተዘግተው ሕዝቡ ሲበተን ነገሩ ተገለበጠ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የከተማዋን አነጋገር ለዓመታት ያጠናችው ባርባራ ጆንስተን እንዳሳየችው፣ የሚያሳፍረው ቃል በካናቴራ ላይ እየታተመ መሸጥ ጀመረ፤ የከተማዋ ተወላጅ ራሱ «ዪንዘር» ተባለ።

የ«ያል» ነገር ግን ለእኛ የተለየ ጣዕም አለው። የአሜሪካ ደቡብ መለያ የሆነው ይህ ቃል ከስኮትላንድ ዘሮች መጣ የሚሉ አሉ፤ በባርነት የነበሩት ጥቁሮች ድርሻ ይበልጣል የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። በኅትመት ከተገኙት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ግን ከአሜሪካ ጋር አይገናኝም። ዴቪድ ፓርከር የተባሉ የጆርጂያ የታሪክ ምሁር ያመለከቱት በ1631 ለንደን ውስጥ ወደ ወጣ ግጥም ነው፤ የግጥሙ ርእስ «ውቢቱ ኢትዮጵያዊት»! ጸሐፊው ዊልያም ላይል የጥንቱን ግሪካዊ ደራሲ የሄልዮዶሮስን ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ቤት እየመታ መተረኩ ነበር፤ ከጥቁሩ ንጉሥና ከንግሥቲቱ ነጭ ሆና ስለተወለደችው ስለ ካሪክሊያ። (የሄልዮዶሮስ ኢትዮጵያ ዋና ከተማዋ መርዌ ናት፤ ዛሬ ሱዳን ውስጥ ነው የምትገኘው፤ ኩራታችንን ትንሽ ቀነስ እናድርግ።) ላይል «ያል»ን የተጠቀመው ስንኙ እንዲመጠንለት ሁለት ቃል አጣብቆ ነው፤ ከአላባማ ገበሬ ጋር የሚያገናኝ የዘር ሐረግ ማንም አላገኘለትም። የሚገርመኝ ሰውየው ራሱ ነው፦ በ1623 የጥንት እንግሊዝኛ ጽሑፍ ያሳተመ፣ «ዙ»ንና «ዬ»ን ከሚያውቁት የዘመኑ ጥቂት ሊቃውንት አንዱ ነበር።

ከሁሉም በላይ የተስፋፋው «ዩ ጋይዝ» የመጣው ከአንድ ሰው ስም ነው። ጋይ ፎክስ በኖቬምበር 1605 ከእንግሊዝ የመኳንንት ምክር ቤት ሥር 36 በርሜል ባሩድ ሲጠብቅ ተያዘ፤ በጃንዋሪ 1606 ተገደለ። እንግሊዞች በየዓመቱ ምስሉን ከአሮጌ ጨርቅ እየሠሩ ያቃጥላሉ፤ ያ ምስል «ጋይ» ተባለ፤ ቀጥሎ ልብሱ የተዝረከረከ ሰው ሁሉ፤ አሜሪካ ሲሻገር ደግሞ ማንኛውም ወንድ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሴቶችን ብቻ እንኳ ለመጥራት ዋለ። ወንድን የሚያስቀድም ነው ብለው የሚቃወሙት ዛሬ የሚመርጡት «ያል»ን ነው፤ ስለዚህ የደቡብ ገጠሬ ሲያፍርበት የኖረው ቃል በሰሜን ዩኒቨርሲቲዎችም ይሰማል።

ደቡቦቹ ራሳቸው የማይስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ «ያል» ለአንድ ሰው ይባላል ወይ? ባለሱቅ ብቻውን የገባን ደንበኛ «ያል እንዴት ናችሁ» ሲለው የሰሜን ሰው ስሕተት አገኘሁ ይላል። ደቡቤው ግን የሚጠይቀው ደንበኛውን ከነቤተሰቡ ነው። አትላንታና ዳላስ ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም፤ እነሱም ብቻውን የመጣውን ጎረቤት «እንዴት ናችሁ?» ነው የሚሉት፤ እሱም ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ይመልሳል።