«የድሮው ይመለስልን!» የገጽ ለውጥና የተጠቃሚ ቁጣ

ሴፕቴምበር 5 ቀን 2006 (ዓ.ም. ካላልን በቀር አቆጣጠራችን የፈረንጆቹ ነው) ፌስቡካቸውን የከፈቱ የአሜሪካ ተማሪዎች ያልጠሩት እንግዳ ቤታቸው ገብቶ አገኙት። እስከዚያች ቀን ድረስ ፌስቡክ የቤት ለቤት ጉብኝት ነበር፤ የጓደኛህን ወሬ የምታገኘው እስከ ደጁ ሄደህ ገጹን ስትከፍት ነው። ያን ዕለት ግን ማን ከማን እንደተለያየ፣ ማን ፎቶ እንደለወጠ፣ ማን ማንን «ጓደኛ» እንዳደረገ በአንድ ረድፍ ተሰልፎ ፊታቸው ቀረበ። ስሙም «ኒውስ ፊድ» ተባለ።

ቁጣው በሰዓታት ውስጥ ነደደ። ለተቃውሞ የተከፈተው ቡድን በጥቂት ቀናት ከ700,000 በላይ አባላት አፈራ፤ ያኔ የፌስቡክ ሕዝብ በጠቅላላው 10 ሚሊዮን ገደማ ነው። ማርክ ዙከርበርግ በመጀመሪያ «ተረጋጉ፣ ተንፈስ በሉ፣ እየሰማናችሁ ነው» የሚል ጽሑፍ አወጣ። (የተቆጣን ሰው «ተረጋጋ» ብሎ ያረጋጋ ሰው አይተን አናውቅም።) በሦስተኛው ቀን ይቅርታ ጠየቀ፤ ወሬያችንን የምንሸሽግበት መቆጣጠሪያም ጨመረ። ኒውስ ፊድን ግን አላነሳውም። ለምን ያነሳዋል? ያ ሁሉ የሚሳደብ ሕዝብ ከበፊቱ ይበልጥ ገጹ ላይ ይውል ጀምሯል። የተቃውሞው ቡድን እንደ ሰደድ እሳት የተዛመተውም በዚያው በኒውስ ፊድ ነበር። አፍ «እምቢ» ሲል ጣት «እሺ» ይላል፤ ባለቤቶቹ ያዳመጡት ጣትን ነው።

ከዚያ ወዲህ ድራማው ሲደጋገም አይተናል። በ2018 የስናፕቻትን አዲስ ገጽ በመቃወም ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈረሙ፤ ኩባንያው ጥቂት አስተካክሎ በመንገዱ ቀጠለ። ለየት ያለው የዲግ ታሪክ ነው። በኦገስት 2010 ዲግ ገጹን ከሥር ከመሠረቱ ሲቀይረው ተጠቃሚዎቹ አቤቱታ ብቻ አልጻፉም፤ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሬዲት ገቡ። ዲግ በ2012 ከፋፍሎ ተሸጠ። ልዩነቱ የቁጣው መጠን አይደለም። የዲግ ሰዎች መሄጃ ነበራቸው፤ የፌስቡክ ሰዎች ግን ወዳጅ ዘመዳቸው ሁሉ እዚያው ነው።

እኛስ? በእነዚያ ዓመታት ከለገዳዲ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጦ «አዲሱ ገጽ አላማረኝም» ማለት ቅንጦት ነበር። መጀመሪያ ይከፈት እንጂ! ሲከፈትም አማርኛው በአራት ማዕዘን ሣጥኖች ተሞልቶ ይመጣል። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም እኛ በምንነካው ማሽን ላይ እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ወስዷል። እስከዚያው አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፍን ተፋቀርን፣ ተጣላን፣ ተከራከርን። ማንም ፊርማ አላሰባሰበም።

ዝምታው ግን አዲስ አልነበረም። መሐንዲስ አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲፈለስፉ የገጠማቸው ነገር ቀላል አይደለም፤ ከ200 በላይ ቅርጾችን ለእንግሊዝኛ በተሠሩ ጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነው። መላው፣ ፊደሉን መትቶ ቅጥሉን ለብቻ መጨመር ሆነ። ውጤቱን የቀድሞ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ያውቀዋል፤ እግሩ ከገላው የተለየ፣ አንገቱ የተንጋደደ ፊደል። ሹሙም ጸሐፊውም ባለጉዳዩም ለአሥርት ዓመታት እንዲሁ አነበቡት። ወደውት ይሆን? አይመስለንም። ኮምፒዩተር ሙሉውን ፊደል ይዞ ሲመጣ ያንን ቅርጽ «ይመለስልን» ያለ ሰው አልሰማንም።

በአንጻሩ በ1940 ዓ.ም. ምሁራን «ፊደልን ማሻሻል» ብለው፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና መሰሎቻቸው ይቀነሱ ሲሉ ሐሳቡ መሬት አልያዘም። ብዕር በእያንዳንዱ እጅ ነበራ! ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቁትን ፊደሎች በነጥብ ሊያሳዩን ሞከሩ፤ ልቦለዱን ወደድን፣ ነጥቡን ተውን። ዛሬ ቴሌግራም ላይ ግን አውራ ጣታችን የቀረበውን ሀ እና ሰ እየመታ፣ ያ ሁሉ ምሁር ያልቻለውን ያለ ስብሰባና ያለ ቃለ ጉባኤ እየፈጸመው ነው። ጥሩ ነው አላልንም።

የሚከብደው ግን ለዓይን የማይታየው ለውጥ ነው። በጃንዋሪ 2018 ፌስቡክ የኒውስ ፊድን አሰላለፍ ቀየረ፤ ሰው የሚነጋገርበት ነገር ወደ ፊት እንዲመጣ ተብሎ። ቀለሙም ቁልፎቹም ስላልተለወጡ እዚህ አገር አንድም ሰው አልጮኸም። ሰውን ከምንም በላይ የሚያነጋግረው ደግሞ ምን እንደሆነ ኢትዮጵያዊ አይነገረውም። የቀድሞ ሠራተኛው ፍራንሲስ ሆገን በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ ሴኔት ፊት ስትመሰክር የአገራችንን ስም አንስታለች።

በዲሴምበር 2022 ሁለት ኢትዮጵያውያንና ካቲባ የተባለ የኬንያ ተቋም የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሱ፤ በጦርነቱ ወቅት ጥላቻና የግድያ ቅስቀሳ እንዲዛመት አድርጓል ብለው። ከከሳሾቹ አንዱ አባቱ የተገደለበት ነው፤ ግድያውን ያስከተለው በአባቱ ላይ ፌስቡክ የተለጠፈው ጽሑፍ ነው ይላል። ሜታ ኬንያ ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ፤ በኤፕሪል 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ከሳሾቹ የሚጠይቁት የካሳ ገንዘብ ብቻ አይደለም። አሰላለፉ ይቀየር ነው የሚሉት፤ ገጹን ለውጡልን የሚለው በዚህኛው ጊዜ ተጠቃሚው ነው።