የሚያውቁት ሰይጣን

ላፕቶፕ ይዘን በመኝታ ቤታችን ሙዚቃ የምናቀናብር ልጆች አንድ የጋራ ጭንቀት አለን፡፡ በቋጠርናት ጥቂት ብር ሄድፎን እንግዛ ወይስ የስቱዲዮ ሞኒተር ስፒከር? ውዱን ካልገዛን ደግሞ ሥራችን ሁሉ ከንቱ የሚቀር ይመስለናል፡፡ ለመሆኑ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በምን ሲያዳምጡ ኖሩ?

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፡፡ ያማሃ በ1978 ኤንኤስ-10 የምትባል ስፒከር ለገበያ አቀረበ፡፡ የተሠራችው ለስቱዲዮ ሳይሆን ለሳሎን መደርደሪያ ነበር፡፡ ሳሎን ግን አልወደዳትም፡፡ ባሷ ትንሽ ነው፤ መካከለኛው ድምፅ ይጮሃል፤ ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል፡፡

ታዲያ ከሳሎን የተባረረችው እንዴት ስቱዲዮ ገባች? በዚያ ዘመን ብዙ የድምፅ ባለሙያዎች የአንድ ስቱዲዮ ተቀጣሪ መሆናቸው ቀርቶ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ እየዞሩ መሥራት ጀምረው ነበር፡፡ ግድግዳ ውስጥ የተተከለው ትልቅ ስፒከር ደግሞ በየክፍሉ ድምፁ ይለያያል፡፡ ስለዚህ በብብት የምትያዝ፣ ሚክሰሩ ላይ ተቀምጣ ከቅርብ የምትሰማ ስፒከር አስፈለገች፡፡ ከቅርብ ሲሰሙ የክፍሉ ማስተጋባት ብዙም አይረብሽም፡፡ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን ‹‹ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ›› (1984) ሚክስ ያደረገው ቦብ ክሊርማውንቴን ዝናዋን ካናኙት አንዱ ነው፡፡

ጆሮ የሚወጋው ድምፅ ሲያስቸግርም ባለሙያዎቹ መላ አላጡም፡፡ ቀጭኑን ድምፅ በምታወጣው ትንሿ ክብ ላይ ሶፍት ለጠፉ፡፡ አዎ፣ የምናውቀውን ሶፍት! ያማሃም በ1987 ድምፁን ያለዘበ የስቱዲዮ ዓይነት አወጣ፡፡

በ2001 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተሳተፈበት ጥናት የተወዳጅነቷን ምስጢር ፈተሸ፡፡ ሣጥኗ ዝግ ነው፤ ድምፁ ሲቆም እሷም ቶሎ ትቆማለች፡፡ ባሱ እየተንጠለጠለ ስህተት አይሸፍንም፡፡ ምርቷ በዚያው ዓመት ቢቆምም ያማሃ በ2008 በእሷ የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት ተሸለመ፡፡

እንግዲህ ‹‹ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል›› የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፡፡ ባለሙያዎቹ ጉድለቷን በልባቸው ስላጠኑት፣ በእሷ ያማረ ሥራ የትም ቢሄድ እንደሚያምር ያውቁ ነበር፡፡

የሄድፎኑም ታሪክ ሩቅ አይደለም፡፡ ሰንሃይዘር በ1968 ኤችዲ 414ን ሲያወጣ ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ለዓለም አስተዋወቀ፡፡ ክፍቱ ድምፁ ይተነፍሳል፤ ለሚክስ ይመቻል፡፡ ግን ወደ ውጭ ስለሚያፈስ ድምፅ ስንቀዳ ማይኩ ውስጥ ይገባል፡፡ ለመቅዳት ዝጉ ይሻላል፡፡ ሶኒ በ1991 ያወጣው ኤምዲአር-7506 ዝግ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ከስቱዲዮ አልወጣም፡፡

ስለዚህ አከራይ ግድግዳ በሚያንኳኳበት ጠባብ ክፍል የምንኖር ከሆነ መጀመሪያ አንድ ደህና ሄድፎን እንግዛ፡፡ ሄድፎን የክፍላችንን ግድግዳ አይሰማም፡፡ ስፒከሩ ሲደርስ ባሱ የሚያናውጠውን ሳይሆን ሐቁን የሚነግረንን እንምረጥ፤ ከግድግዳ ትንሽ አርቀን፣ በጆሯችን ልክ እናስቀምጠው፡፡ ከዚያ በቃላችን የምናውቃቸውን ዘፈኖች ለሳምንታት እየደጋገምን እንስማበት፡፡ ይኼኛው ሥራ ደግሞ ብር አይጠይቅም፡፡