የሟች ወዳጅ ቅርስ፤ ዲን ቤኔዴቲ የቀረጻቸው የቻርሊ ፓርከር ዜማዎች ታሪክ

የሙዚቃን ታሪክ የሚመረምር ሰው ከሥዕልና ከሕንፃ ታሪክ መርማሪ ይልቅ አንድ የከበደ ችግር አለበት። ሥዕል ከሠዓሊው ሞት በኋላ በግድግዳ ላይ ይኖራል፤ ሕንፃም ቢፈርስ መሠረቱ ይገኛል፤ በአንድ ምሽት በአድማጮች ፊት የተፈጠረ ዜማ ግን ከመሣሪያው በወጣበት ቅጽበት ያልፋል። የድምፅ መቅረጫ ከተፈለሰፈ ወዲህም ቢሆን ችግሩ ፈጽሞ አልተወገደም። የሸክላ ኩባንያዎች ይቀርጹ የነበሩት ገበያ ያስገኛል ብለው የገመቱትን፣ እርሱንም በራሳቸው ስቱዲዮና በራሳቸው ልክ ነበርና፣ ሙዚቀኞች በየምሽቱ በሕዝብ ፊት የሠሩት ሥራ አብዛኛው ሳይቀረጽ ቀርቷል። ከጥፋት የዳነው ጥቂቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የዳነው በባለሙያ እጅ ሳይሆን፣ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ለፍቅር ሲሉ መሣሪያ ተሸክመው በገቡ ሰዎች እጅ ነው።

እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ የሰበሰቡት ድምፅ በዘመድና በወዳጅ እጅ ይወድቃል። ወራሹ ሣጥኑን ቢዘጋው ዜማው ሁለተኛ ይሞታል፤ ቢከፍተው ግን ሟቹም ዜማውም አብረው ይታወሳሉ። የዲን ቤኔዴቲ ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ከዚህም በላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የሟች ቅርስ ለሕዝብ መከፈቱ የታላቁን ሙዚቀኛ ዜማ ብቻ ሳይሆን የቀራጩንም ስም ከተሳሳተ ወሬ ሊያድን እንደሚችል ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ቤኔዴቲ የዚህ ልማድ ጀማሪ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል። በኒው ዮርክ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ የኖታ መጻሕፍት ጠባቂ የነበረው ሊዮኔል ሜፕልሰን (1865–1937) ከ1901 እስከ 1903 ባሉት ዓመታት የኤዲሶን ፎኖግራፍ ወደ ቴአትር ቤቱ አስገብቶ፣ ኦፔራው በሕዝብ ፊት ሲዘመር በሰም ሲሊንደር ላይ ይቀርጽ ነበር። አንዱ ሲሊንደር ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይዝም፤ ድምፁም በጩኸትና በስንጥቅ የተሸፈነ ነው። ሆኖም በዘመኑ እጅግ የተደነቀውን የፖላንድ ተወላጅ ዘማሪ የዣን ደ ሬሽኬን ድምፅ የዛሬ ሰው ሊሰማ የሚችለው በእነዚህ ሲሊንደሮች ነው። ሲሊንደሮቹ ከሜፕልሰን እጅ ወጥተው በሰብሳቢዎች እጅ ካለፉ በኋላ በ1985 የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በስድስት ሸክላዎች አሳትሟቸዋል። እንግዲህ አንድ ሠራተኛ ለራሱ ደስታ የሠራው ሥራ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለሊቃውንት ምንጭ ሆነ ማለት ነው።

አልቶ ሳክስፎን ተጫዋቹ ቻርሊ ፓርከር በነሐሴ 1920 በካንሳስ ግዛት፣ ካንሳስ ሲቲ ተወልዶ በመጋቢት 12 ቀን 1955 በኒው ዮርክ ሞተ። ቢቦፕ የተባለውን የጃዝ ስልት ከዲዚ ጊለስፒና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የመሠረተ ሰው ነው። የዚህ ስልት ዋና ነገር ተጫዋቹ የታወቀውን ዜማ መነሻ አድርጎ በዚያው ቅጽበት አዲስ ዜማ መፍጠሩ ነው። ስለዚህ የፓርከር ሥራ በአንድ ሸክላ ተቀርጾ የሚያልቅ አይደለም፤ ያንኑ ዜማ በማግሥቱ ሲጫወተው ሌላ ሥራ ይሆናል።

የዘመኑ የሸክላ አሠራር ግን ይህን ለመያዝ አይመችም ነበር። የተለመደው የሸክላ ገጽ የሚይዘው ወደ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነውና፣ በስቱዲዮ ፓርከር የሚሰጠው የብቻ ጨዋታ ጊዜ አጭር ነበር። በዚህ ላይ የአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር ሁለት ጊዜ የቀረጻ አድማ አደረገ፤ የመጀመሪያው በነሐሴ 1942 ተጀምሮ ለአንዳንዶቹ ታላላቅ ኩባንያዎች እስከ 1944 መጨረሻ የዘለቀ ሲሆን፣ ሁለተኛው የ1948ን ዓመት ከሞላ ጐደል በሙሉ ይዟል። የአድማው ምክንያት ሸክላ በሬዲዮና በመጠጥ ቤት ሲሰማ የሙዚቀኛው እንጀራ እየተነካ በመሄዱ ማኅበሩ የድርሻ ክፍያ መጠየቁ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም፣ የስቱዲዮው በር በአብዛኛው በተዘጋባቸው ወራት በምሽት ክበቦች የተሠራው ሥራ ምስክር እንዳያጣ ከኩባንያ ውጭ የሆነ ቀራጭ ያስፈልግ ነበር።

ዲን ቤኔዴቲ በ1922 በዩታ ግዛት፣ ኦግደን በምትባል ከተማ ተወለደ። እርሱ ራሱ አልቶ ሳክስፎን ተጫዋች ነበር። የፓርከርን ጨዋታ ከሰማ በኋላ ግን እንደ ተማሪ ሆኖ ከመምህሩ ሥር ለመቀመጥ ፈለገ፤ የመረጠውም መንገድ መምህሩ የተናገረውን ሁሉ መዝግቦ መያዝ ነው። ፓርከር በካማሪዮ የመንግሥት ሆስፒታል ለወራት ታክሞ በ1947 መጀመሪያ ላይ ከወጣ በኋላ፣ ከትራምፔት ተጫዋቹ ከሃዋርድ መጊ ቡድን ጋር በሎስ አንጀለስ ሃይ ዲ ሆ በተባለ የምሽት ክበብ ይጫወት ጀመር። ቤኔዴቲም ከመጋቢት 1 እስከ 13 ቀን 1947 ባሉት ምሽቶች ተንቀሳቃሽ የሸክላ መቅረጫ ይዞ እየገባ ቀረጸ።

የአሠራሩ ልዩ ጠባይ ሊስተዋል ይገባዋል። ቤኔዴቲ ባብዛኛው የቀረጸው የፓርከርን የብቻ ጨዋታ ነው፤ ፓርከር ሲጀምር መቅረጫውን ይከፍታል፤ ፓርከር አፉን ከመሣሪያው ሲያነሣ ይዘጋዋል። ባዶው ሸክላ በገንዘብ የሚገዛ፣ የሚይዘውም ጊዜ ጥቂት ነበርና ቁጠባው አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ግን የተማሪ ፍላጎት ነው፤ ለሳክስፎን ተጫዋች የሚጠቅመውን ትምህርት ብቻ ለቅሞ መያዝ ፈልጓል። በሕይወቱ ሳለ ከእነዚህ ቀረጻዎች አንዱም ለገበያ አልወጣም።

በ1948 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ በመጋቢት 31 ቀን ስሪ ዱሰስ በተባለው፣ ከሐምሌ 6 እስከ 11 ቀን ደግሞ ኦኒክስ በተባለው ክበብ ቀረጸ። በዚህ ጊዜ መሣሪያው ተለውጧል፤ በወረቀት ጥብጣብ ላይ የሚቀርጽ የቴፕ መቅረጫ በእጁ ገብቶ ነበር። በዚያን ወቅት በፓርከር ቡድን ውስጥ በትራምፔት ማይልስ ዴቪስ፣ በከበሮ ማክስ ሮች ነበሩበት። ወሩና ዓመቱ ሲመረመር እነዚህ ቀረጻዎች የተሠሩት ሁለተኛው አድማ በጸናበት ጊዜ መሆኑ ይታያል።

ከዚህ በኋላ ቤኔዴቲ ብዙ ዕድሜ አላገኘም። ጡንቻን እያደከመ የሚሄድ ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለ በሽታ ያዘውና ወደ ኢጣልያ ሄዶ፣ ፑቺኒ ብዙ ኦፔራዎቹን በደረሰባት በቶሬ ዴል ላጎ በጥር 20 ቀን 1957 ሞተ። የሞተው ፓርከር በሞተ በሁለት ዓመት ውስጥ ሲሆን፣ መምህሩም ተማሪውም ዓለምን የተሰናበቱት በ34 ዓመት ዕድሜያቸው ነው።

ሟች ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ ምስክር የሆነው ሥራውም በሣጥን ተዘግቶ ሲቀር ቦታውን ወሬ ይይዘዋል። በቤኔዴቲም የደረሰው ይኸው ነው። በጃዝ ወዳጆች ዘንድ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ፣ በቀጭን ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ መሣሪያ ተሸክሞ ፓርከርን በየሄደበት የሚከተል፣ ከራሱ ሙዚቀኛነት ይልቅ በሌላ ሰው ፍቅር የታወረ እንግዳ ሰው ተደርጎ ተሣለ። ዳያል የተባለውን የሸክላ ኩባንያ የመሠረተው ሮስ ራስል በ1973 ያሳተመው የፓርከር የሕይወት ታሪክ ይህን አፈ ታሪክ በሰፊው አሰራጨው። ቀረጻዎቹን ግን ሕዝብ አልሰማቸውምና፣ እንደ ተረት ሀብት አሉም የሉምም ሲባሉ ኖሩ።

እውነቱን ይዘው የኖሩት ወንድሙና ጓደኞቹ ነበሩ። ወንድሙ ሸክላዎቹንና ጥብጣቦቹን ጠብቆ አቆየ። ከወጣትነት ጓደኞቹም አንዱ የነበረው፣ በኋላ በቻርልስ ሚንገስ ቡድን ስሙ የታወቀው ትሮምቦን ተጫዋች ጂሚ ኔፐር (1927–2003) የፓርከርን ዜማዎች ከእነዚህ ቀረጻዎች እየሰማ በኖታ ጽፎ ያጠና ሰው ስለሆነ፣ ሥራው የእብድ ሥራ ሳይሆን የትምህርት ሥራ እንደነበረ ያውቅ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቅርሱ ሞዛይክ ለተባለው አሳታሚ ተላለፈ፤ የጃዝ ታሪክ ተመራማሪው ፊል ሻፕም ድምፁን የማደስና ቀኑን፣ ቦታውንና የዜማውን ስም የመለየት ሥራ ሠራ። በ1990፣ ቀራጩ ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ፣ ሙሉ ስብስቡ በሰባት ሲዲና በአሥር ሸክላ ታትሞ ወጣ። በሽፋኑም ላይ ከፓርከር ስም ጋር የቤኔዴቲ ስም ተጻፈ።

ሣጥኑ ሲከፈት ወሬው ራሱን መከላከል አልቻለም። የሽቦ መቅረጫ የተባለው ሸክላና የወረቀት ጥብጣብ ሆኖ ተገኘ። ዘመኑን ሁሉ ፓርከርን ሲከተል ኖረ የተባለውም ሰው፣ የሥራው ቀናት ሲቈጠሩ በሁለት ከተሞችና በሦስት ክበቦች የተወሰኑ ጥቂት ሳምንታት ሆኑ። ከብዙ ጸሓፊ ክርክር ይልቅ እነዚህ የደከሙ ሸክላዎች ስለ ሟቹ በቂ ምስክር ሰጡ።

ለሊቃውንት ያስገኙት ጥቅምም ቀላል አይደለም። ቶማስ ኦወንስ በ1974 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት፣ ፓርከር በቅጽበት ሲፈጥር አንድ መቶ ያህል አጫጭር የዜማ ሐረጎችን እየለዋወጠ እንደሚሠራ አመልክቶ ነበር። የቤኔዴቲ ቅርስ ሲታተም ደግሞ ተመራማሪዎች አንዱን ዜማ በተከታታይ ምሽቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው፣ ከትናንት የተወሰደው የቱ፣ ዛሬ የተወለደው የቱ እንደሆነ ለመለየት ሰፊ ማስረጃ አገኙ። በቃል የሚተላለፍን ግጥምና ተረት የሚያጠኑ ሰዎች ይህ ዓይነቱ ማነጻጸር ምን ያህል እንደሚጠቅም ያውቁታል።

ይሁን እንጂ ምንጩ ያለ ትችት ሊወሰድ አይገባውም። ቤኔዴቲ ፓርከር ሲያቆም መሣሪያውን በመዝጋቱ፣ የሃዋርድ መጊ ትራምፔትና የሃምፕተን ሃውስ ፒያኖ በየምሽቱ የመለሱት መልስ አብዛኛው ጠፍቷል። ጃዝ የጭውውት ሙዚቃ ሲሆን፣ በእጃችን የቀረው የአንዱ ተናጋሪ ድምፅ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ፍቅር ያዳነውን ያህል ፍቅር የመረጠው መርጦ የጣለም አለ። የኩባንያ ሸክላ የገበያን ሚዛን እንደሚያሳይ ሁሉ የአማተር ቀረጻም የቀራጩን ልብ ያሳያል፤ መርማሪውም ሁለቱን ሚዛኖች ለይቶ ማወቅ አለበት።

ከቤኔዴቲ በኋላ መሣሪያው ሲቀልልና ሲረክስ፣ የአንድ ሰው ሥራ የነበረው የማኅበረሰብ ልማድ ሆነ። በ1965 በካሊፎርኒያ የተመሠረተው ግሬትፉል ዴድ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ከጥቅምት 1984 ጀምሮ ለቀራጮች በአዳራሹ ውስጥ የተለየ ቦታ ሰጣቸው። በእነዚህ ቀራጮች ዘንድ የጸና ሕግ ነበረ፤ ካሴት ይለዋወጡታል እንጂ አይሸጡትም። ጀማሪ የሆነና የሚለውጠው የሌለው ሰው ባዶ ካሴትና የመልስ ፖስታ ዋጋ ይልካል፤ ባለ ካሴቱም ገልብጦ ይሰድለታል። ተቀባዩ በተራው ለሌላው የመስጠት ግዴታ አለበትና፣ ይህ ሥርዓት የስጦታን ልማድ ለሚያጠኑ ሊቃውንት እንግዳ አይሆንም።

ፈቃድ ባልተገኘበት ስፍራ ደግሞ ሥራው በስውር ተሠርቷል። የሎስ አንጀለሱ ማይክ ሚላርድ በ1970ዎቹ ዓመታት በኢንግልውድ ፎረም አዳራሽ የሌድ ዜፔሊንንና የሌሎችን ኮንሰርቶች የቀረጸው፣ ከባዱን መሣሪያ በተሽከርካሪ ወንበር ውስጥ ደብቆ፣ ራሱ እንደ አካለ ስንኩል ተቀምጦበት እየገባ ነው። ሚላርድ በ1994 ሞተ። በ2020ዎቹ ዓመታት ግን አብሮት ወደ አዳራሽ ይገባ የነበረ ጓደኛው፣ ከሌሎች ሰብሳቢዎች ጋር ሆኖ ቀረጻዎቹን ለመታሰቢያው ያለ ዋጋ ለሕዝብ አደለ፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻም ጋር የዚያን ምሽት ትዝታውን ጽፎ አወጣ። የጓደኛው ትዝታ ከድምፁ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ማን ገፋው፣ የት ተቀመጡ፣ ምን ፈሩ የሚለውን ካሴቱ አይናገርምና።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ዜማው የሙዚቀኛው ነው፤ ቀራጩ ፈቃድ ሳይጠይቅ የያዘውን ወዳጁ ሊያድለው መብት አለውን? የ1942ና የ1948 አድማዎች እንዳሳዩት ሙዚቀኛው ድምፁ ያለ ዋጋ ሲሰራጭ የሚጐዳ ሰው ነው፤ ፓርከርም በገንዘብ ችግር የኖረ ሰው ስለ ነበር ጥያቄው ባዶ አይደለም። የልማዱ ባለቤቶች መልስ አድርገው ያቆሙት ድንበር ሽያጭን መከልከል ነው፤ ሕጉ ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል፤ የሙዚቀኛውን ወራሾች ፈቃድና ድርሻ። ቅርሱን በሣጥን ቆልፎ መያዝ ግን ለሙዚቀኛውም ለወራሾቹም የሚመልሰው ምንም መብት የለም። ወረቀቱ ጥብጣብ ይበጣጠሳል፤ በሸክላው ላይ የተቀባውም ቅባት ይላላጣል።

ለሟች መታሰቢያ የሚደረገው ዝክር ሟቹ ይወደው የነበረውን ለሕያዋን ማካፈል ነው። የቤኔዴቲ ወንድም ሸክላዎቹን ከ30 ዓመት በላይ ጠብቆ ያስረከበው፣ የሚላርድ ጓደኛ ካሴቶቹን ከነትዝታው ያደለው በዚህ መንገድ ነው። በሃይ ዲ ሆ ክበብ በመጋቢት 1947 የተሰማው ዜማ እስከ ዛሬ የደረሰው የሦስት ሰዎች እጅ ተቀባብሎት ነው፤ የተጫወተው፣ የቀረጸው፣ ጠብቆም የሰጠው። የታሪክ ጸሓፊ የመጀመሪያውን ስም አይስትም፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ሳይጽፋቸው አልፏል።