የአንድ የፈተና ጥያቄ ታሪክ

ለፈቃድ ፈተና የምትዘጋጁ ነርሶች ዲጎክሲን ከመስጠታችሁ በፊት የልብ ምትን አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቆጥራላችሁ፤ የአዋቂው ምት ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳትሰጡ ለሐኪም ታሳውቃላችሁ። ጥያቄው ሥሩ ሩቅ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ዊዘሪንግ እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ የዲጂታሊስ ቅጠል የሰውነት እብጠትን እንደሚያጎድል፣ ሲበዛ ግን ምትን እስከ 35 አዘግይቶ እንደሚገድል ጽፏል።

ለእንጅባራና ለዳንግላ የቀረበው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለልብ ድካም የሚዳርገው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ መነሻውም ያልታከመ የልጅነት የጉሮሮ ቁስለት። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚታወቀው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ሲሰጥ የሕመሙን መመላለስ ይከላከላል። መርፌውን የሚወጋው ነርሱ ነው፤ የቀረው ቀጠሮም አስቀድሞ የሚታየው በእርሱ መዝገብ ላይ ነው። እኔ ፈታኝ ብሆን ከዲጎክሲኑ በፊት ስለዚያ መዝገብ እጠይቅ ነበር።