የብቅል ቤት ታሪክ ከየት ይጀምራል?

ወዳጆቼ፣ የአገራችን የብቅል ፋብሪካ ታሪክ ሲነሳ ከአሰላ ይጀመራል፤ 1984 እ.ኤ.አ.። ኋላም ጎንደር፣ ደብረ ብርሃንና ቦሌ ለሚ ተተከለ። ጊዮርጊስ ቢራ ግን የተመሠረተው 1922 ነው። በመሀሉ ቢራ ጠማቂዎቻችን ብቅል ከውጭ ሲያስመጡ ኖሩ።

አረርቲ እኛ ቤት ግን ብቅል ከውጭ መጥቶ አያውቅም! እናቴ ገብሱን ዘፍዝፋ፣ አጥልላ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ትጭንበታለች። ሲጎነቁል ፀሐይ ላይ አስጥታ ታደርቀዋለች። ፋብሪካውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ መዘፍዘፍ፣ ማብቀል፣ ማድረቅ። እሱ ሙቀቱን በመሣሪያ ይለካል፤ እሷ እጇን ሰደድ አድርጋ ታውቀው ነበር።

ደብተርና እስክሪብቶዬ የተገዛው በዚያ ጠላ ነው። ተማሪዎቼ፣ የብቅልን ታሪክ ስትጽፉ እባካችሁ ከጓዳ ጀምሩ። የሚጠየቁት እናቶች ዛሬም አሉ፤ ነገ ግን እንጃ።